የተገለበጠው ክዳን

እናቴ ከሁላችንም በፊት ራሷ ትበላለች። ይህን ስናገር ሰው ፊቱን ያጨፈግግብኛል። ሰው ደስ የሚለው እናት ልጆቿን አብልታ እሷ ጦሟን አደረች ሲባል ነው። የእኔዋ እንደዚያ አይደለችም። ምግቡ ከመቅረቡ በፊት ምድጃው አጠገብ ቆማ ድርሻዋን በትንሽ ሳህን ታወጣለች፣ ረጋ ብላ ትበላለች፣ አፏን ትጠርጋለች፣ ከዚያ በኋላ ነው ማንኪያ አንስታ ድስቱን የምትቀምሰው። "የራበው ሰው የቀመሰው ሁሉ ይጣፍጠዋል። እኔ ጠግቤ ስቀምስ ነው የጨውን ነገር የማውቀው" ትላለች። ሰው ይህን ስስት ብሎ ይጥራው። እኔ ሙያ ነው የምለው፣ የሚከራከረኝ ካለም ይምጣ።

ስድስት ነበርን። አባቴ ግንበኛ ነው፤ በበጋ እጁ ሲሚንቶ እንደነከሰው ይውላል፣ ክረምት ሲገባ ደግሞ በር ላይ ተቀምጦ ሰማይ ያያል። እናቴ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ወለል ትጠርጋለች። እኔ የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ከእኔ በታች ሦስት ወንዶች አሉ። የምንኖረው በሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ነበር። ወጥ ቤታችን ከጓዳው ጥግ የተቀመጠች አንዲት ምድጃና አንድ ድስት ነበረች። ሁለተኛ ድስት ኖሮን አያውቅም፤ ቢኖረንም የምንጨምርበት አልነበረንም።

እናቴ የማትወደው ቃል ቢኖር "የለም" የሚለው ነው። "እማዬ፣ ምሳ ምን አለ?" ስንላት መደርደሪያውን ትከፍትና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ትቆማለች። ግማሽ ጥቅል ጎመን፣ ሦስት ድንች፣ ሁለት ሽንኩርት፣ አንድ እፍኝ ሩዝ፣ የደረቀ ዳቦ። እኛ ስናየው ባዶ መደርደሪያ ነው። እሷ ግን ትንሽ ታስብና "ሞልቷል" ብላ እጅጌዋን ትሰበስባለች። የድንቹን ልጣጭ አጥባ፣ ከሽንኩርቱ ጫፍና ከጎመኑ ወፍራም አንጓ ጋር ቀቅላ ታጠለዋለች። ሾርባ የምትሠራው በዚያ ውኃ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረገች በምትጨምረው ውኃ፣ ቀልቶ እስኪሟሟ ድረስ ታቁላላዋለች፤ ዘይቷን የምታገባት መጨረሻ ላይ ነው፣ ሽታዋ እንዳይጠፋ። ሰው ቀምሶ "ሥጋ አለበት እንዴ?" ሲላት ፈገግ ብላ ዝም ትላለች። ዝም አለች እንጂ ዋሽታ አታውቅም።

ገበያ የምትሄደው ነጋዴው ዕቃውን ሊሰበስብ ሲል ነው። በአንድ ወገን የተጫኑ ቲማቲሞችን አንድ በአንድ እያገላበጠች ትመርጣለች። አትክልት ሻጯ አንድ ቀን ትዕግሥቷ አልቆ፣ "እኔ ባሌን እንደ አንቺ አገላብጬ አይቼው ቢሆን ኖሮ ዛሬ እዚህ ጠራራ ፀሐይ ላይ አልቀመጥም ነበር" አለቻት። እናቴ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ቲማቲሙ ከእጇ ወደቀ። በሁለቱም ወገን ተጫነላት፣ እሷም ያንኑ ገዛችው።

ሰፈሩ "ቤት ያፈራው" ይላታል። በበራችን ያለፈውን ሁሉ "ግቡ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሱ" ስለምትል ነው። ፖስተኛውም፣ የውኃ ቆጣሪ አንባቢውም፣ የአባቴ የሥራ ባልደረቦችም ገብተው ያውቃሉ። እንግዲህ ለስድስት ሰው የተሠራ ድስት ለስምንት እንዴት እንደሚበቃ የሚገባው የክዳኑን ነገር የሚያውቅ ብቻ ነው።

የድስታችን ክዳን ጥቁር እጀታ አለው። እጀታው ወደ ላይ ሆኖ ከተቀመጠ ድስቱ ውስጥ ትርፍ አለ ማለት ነው፤ የፈለገ ይደግማል። ክዳኑ ተገልብጦ እጀታው ወደ ድስቱ ውስጥ ከገባ ግን ትርፉ የእንግዳው ነው። ያን ጊዜ የቤቱ ልጅ የተሰጠውን ይበላና "ጠገብኩ፣ እጅሽ ይባረክ" ብሎ ይነሳል። እናቴ ይህን ለማንም ውጭ ሰው ነግራ አታውቅም። ማስታወቂያም ጥቅሻም የለም፤ ክዳኑ ነው የሚናገረው።

"ጎተራ" የምንለው ሦስተኛው ልጅ ሆዱን የሚወድ ነበር። አንድ ቀን አክስታችን ሳትታሰብ መጣች። ጎተራ ባዶ ሳህኑን ይዞ ወደ ድስቱ አየ፤ ክዳኑ ተገልብጧል። ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ "ጠ... ጠገብኩ" አለ። አክስታችን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ "እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው! ለእናቱ ሲያመሰግን እንባው መጣ እኮ!" አለች። እስከ ዛሬ ይህን ስናስታውስ ጎተራ አይስቅም።

እኔ ታላቅ ስለሆንኩ ክዳኑ ቀና ባለበት ቀንም አልደግምም ነበር። ሦስቱ ወንዶች ሳህናቸውን ዘርግተው ሲሻሙ እያየሁ እንዴት እደግማለሁ? ማንም አላዘዘኝም። እንዲሁ ለመደብኝ፣ ሳህኔን ይዤ መነሳት። "ጨምሪልኝ" የሚለው ቃል ለምላሴ ባዕድ ሆኖ ነው ያደግሁት።

ትምህርቴን ስጨርስ እናቴ በምትጠርግበት ፋብሪካ ተቀጠርኩ። ኮሌታ ሰፊ ነኝ። መቶ ሃያ ሠራተኞች ነን፣ ምሳ የምንበላው በምግብ አዳራሹ በሁለት ዙር ነው። የምንበላውን እንኳ ባላነሳው ደስ ይለኝ ነበር። መኮሮኒው እርስ በርሱ ተጣብቆ ስለሚመጣ "ሙጫ" ነበር የምንለው። ሁሉም ሁለት ማንኪያ ጎርሶ የቀረውን ይተወዋል። የቀረውን ወደ በርሜል የምትደፋው ደግሞ ማን መሰላችሁ? እናቴ ናት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ በየቀኑ፣ ሙሉ ሙሉ ሳህን ምግብ ስትደፋ ኖራለች። በቤቷ የድንች ልጣጭ የማትጥል ሴት! ጉልበቷ ከማጎንበስ ብዛት አብጦ ነበር፣ ስለ እሱ ግን አታወራም። ማታ ቤት ስትገባ የምታወራው ስለዚያ በርሜል ነው።

አብሳዩ ሥራውን ለቅቆ የሄደ ሰሞን እናቴ መጥረጊያዋን እንደያዘች የምግብ አዳራሹ ኃላፊ ቢሮ ገባች። ኃላፊዋ መነጽር የምታደርግ፣ ቃሏን የማታጥፍ፣ ስትስቅም በሰዓቱ የምትስቅ ሴት ናት።

"ለወጥ ቤትነቱ እኔን ይቅጠሩኝ" አለቻት።

ኃላፊዋ መጥረጊያውን አየችና "ከመጥረጊያ ወደ ጭልፋ?" አለች።

"ሁለቱም እጀታ አላቸው። እኔ እጀታ መያዝ አያቅተኝም።"

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። "እሺ፣ አንድ ቀን ይሥሩና ልይዎት። ለአስቤዛ የምሰጥዎት ለፊተኛው አብሳይ እሰጠው የነበረውን ያህል ነው፣ ሳንቲም አልጨምርም። ጎላው ባዶ ሆኖ ከተመለሰ ሥራው የእርስዎ ነው። ከተረፈ ግን ሰው አልወደደውም ማለት ነው፤ ከውጭ እቀጥራለሁ። አይቀየሙኝ።"

"ባዶውን አሳይዎታለሁ" አለች እናቴ፣ ወጥታም ኮሪደሩን ጠርጋ ጨረሰች።

በቀጠሮው ቀን ማለዳ አብረን ሄድን። ቦሎቄውን ከትናንት ጀምራ ዘፍዝፋው ነበር። ድንች፣ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ በአንድ ወገን የተጫነ ቲማቲም በሁለት ሣጥን ገዝታለች። ዳቦውን ዳቦ ቤቱ ያሳደረውን ነው የወሰደችው፤ በዋጋው ልዩነት ነጭ ሽንኩርት ጨምራበታለች። እኔ ወደ ስፌት አዳራሹ ገባሁ፣ ልቤ ግን ጎላው ውስጥ ቀረ። ያን ቀን የሰፋኋቸው ኮሌታዎች የማን አንገት ላይ እንደዋሉ አላውቅም፣ አዝንለታለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዕቃ አጣቢዋ ናት የነገረችኝ። ምግቡ ሲደርስ እናቴ እንደ ልማዷ ሳህን አንስታ፣ ራሷ ቀድታ፣ ኃላፊዋ ፊት ቆማ በላች። ኃላፊዋ ዓይኗ ፈጠጠ። "ሠራተኛው ሳይቀርብለት እርስዎ ይበላሉ?" አለች። እናቴ አላፈረችም። "ልቀምሰው ነው። በባዶ ሆድ ብቀምሰው ያታልለኛል" አለቻትና ሳህኗን አስቀምጣ፣ በማንኪያ ቀምሳ፣ ግማሽ እፍኝ ጨው ጨመረች። ዕቃ አጣቢዋ እንደምትምለው ያች ግማሽ እፍኝ ናት ምግቡን ሌላ ያደረገችው።

ያደረው ዳቦ ደግሞ ደርቆ ነበር። እናቴ የጎላውን ሰፊ ክዳን ገለበጠችና ዳቦውን ውስጡ ደርድራ በጨርቅ ሸፈነችው። ከሥር ያለው ሙቀት ዳቦውን ዛሬ የተጋገረ አስመሰለው። ሲለሰልስ ዕቃ አጣቢዋ ወደ ቅርጫት ገለበጠችው። ክዳኑ ግን እንደተገለበጠ ቀረ።

የመጀመሪያው ዙር ደወል ተደወለ። እኔ ከሰልፉ መጨረሻ ነኝ። እናቴ በመስኮቱ በኩል ከትንሽ ድስት እየቀዳች ታድላለች፤ ጎላው ከኋላዋ ምድጃው ላይ ተቀምጧል። ከፊቴ ያሉት ቀምሰው እርስ በርስ ሲተያዩ አየሁ። አንዱ "ይሄ ነገር ከየት መጣ?" ሲል ሰማሁ። ደረቴ ተነፋ። አንገቴን ሰገግ አድርጌ እናቴን ላያት ስል ዓይኔ ጎላው ላይ አረፈ።

ክዳኑ ተገልብጧል።

አልበቃም! ገና ስልሳ ሰው በሁለተኛው ዙር ይመጣል። እናቴ በኃላፊዋ ፊት መናገር አትችልም፣ በቤታችን ቋንቋ እየነገረችኝ ነው። እንዴት እንደዚያ እንዳሰብኩ አትጠይቁኝ። በዚያ ክዳን ነው ያደግሁት። ሌላ ሰው ቢያየው የተገለበጠ ክዳን ነው፤ እኔ ግን የእናቴን ድምፅ ሰማሁ።

ዳቦ ብቻ አነሳሁና በሹክሹክታ እየተናገርኩ በየጠረጴዛው ዞርኩ። "አትድገሙ፣ ስለ እናቴ ብላችሁ! ለሁለተኛው ዙር አይበቃም።" ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዬ ጭልፋውን በዓይኗ እየተከተለች "ማን ነገረሽ?" አለችኝ። "ክዳኑን አታዪውም?" አልኳት። ክዳኑን አየች፣ ከዚያም እኔን አየች፣ ግንባሬን በእጇ ነካች። ቢሆንም ሳህኗን መለሰች። ሁሉም መለሱ። ሲወጡም ወሬውን ለሁለተኛው ዙር አቀበሉ። እነዚያ ደግሞ ይባስ ብለው ገና ሲቀዳላቸው "ይበቃኛል፣ ይበቃኛል" ይሉ ጀመር። እኔ በሥራዬ እየኮራሁ ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። እናቴን ያዳንኳት መስሎኝ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ዕቃ አጣቢዋ በስፌት አዳራሹ በር ብቅ ብላ በእጇ ጠራችኝ። "እናትሽ ጉድ ሆነች" አለችኝ። "ሲሶው ተርፏል። ሰው 'እጅዎ ይባረክ' ይላል፣ ግን አንድም የደገመ የለም። ኃላፊዋ ጎላውን ከፍታ አይታዋለች።"

ሲሶ! ለካስ ሞልቶ ነበር! ኮሌታውን ጣልኩና ሮጥኩ። ፎርማኑ "ወዴት ነው?" ብሎ ሲጮህ፣ "እናቴን በገዛ እጄ ጉድ ሠራኋት!" አልኩት። ሰውየው ደንግጦ መንገድ ለቀቀልኝ።

ስደርስ እናቴ ሽርጧን አውልቃ እያጠፈች ነው። አላለቀሰችም፣ አልለመነችም። ሽርጡን አራት ቦታ አጥፋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ኃላፊዋ "እኔም ቀምሼዋለሁ፣ ጥሩ ነው" ትላለች፣ "ግን ቃሌ ቃል ነው። ሰው ከወደደ ይደግማል።"

"እኔ ነኝ!" አልኩ። "እኔ ነኝ እንዳይደግሙ የነገርኳቸው!" የክዳኑንም ነገር፣ የቤታችንንም ነገር፣ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ዘረገፍኩት። ይህን ምስጢር ለባዕድ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር፤ እናቴ ፊት እርቃኔን የቆምኩ መሰለኝ።

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። "ክዳን ተገልብጦ ስላየሽ መቶ ሃያ ሰው ከልክለሽ ዋልሽ?"

"አዎ።"

"እና ይህንን ልመን?"

እናቴ ወደ እኔ ዞረች። ዓይኗ መጀመሪያ የቁጣ ነበር። "አንቺ ልጅ! ዳቦ ላለሰልስ እኮ ነው የገለበጥኩት! እዚህ ማን ያውቀዋል ብዬ!" ከዚያ ወደ ክዳኑ አየች፣ ወደ እኔም አየች፣ ድምፅዋም ወረደ። "አንቺስ በላሽ?"

"ዳቦ በልቻለሁ።"

ያጠፈችውን ሽርጥ ዘረጋችና መልሳ ታጠቀችው። "እኔ ልመና አላውቅም" አለቻት ኃላፊዋን፣ "ልጄ ግን ውሸታም አይደለችም። አሁን የሻይ እረፍት ሊደወል ነው። አሥር ደቂቃ ናት። ይህን ላሙቀው፣ እርስዎም እዚሁ ቆመው ይዩ።" መልስ ሳትጠብቅ ምድጃውን ለኮሰች። ከዚያም ክዳኑን በሁለት እጇ አንስታ፣ አገላብጣ፣ እጀታውን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። ያን ጊዜ እኔ መሮጥ ጀምሬ ነበር።

ደወሉ ሲደወል ስፌት አዳራሹ መሃል ቆሜ "ክዳኑ ቀና ብሏል!" ብዬ ጮህኩ። መቶ ሃያ ሰው አፉን ከፍቶ አየኝ። ቁልፍ ተካይዋ ግን ከወንበሯ ተስፈንጥራ ተነሳች። "ሞልቷል ማለቷ ነው! ለካስ ሞልቶ ነው ጦማችንን ያዋለችን!"

ያን ሰልፍ ብታዩት! ሳህኑ ታጥቦ ተቆልፎበት ስለነበር ሰው የሻይ ኩባያውን ይዞ መጣ። ዕቃ አጣቢዋ "አጥቤ ጨርሻለሁ እኮ!" እያለች ስትጮህ ማንም አልሰማትም፣ በኋላ እሷም ኩባያዋን ይዛ ተሰለፈች። ፎርማኑ ቅድም ሊቆጣኝ የመጣ መሆኑን ረስቶ ሁለቴ ዞሮ ተሰለፈ። ጭልፋው የጎላውን ሥር ሲፍቅ የሚሰማው ድምፅ እስከ በሩ ይደርሳል። አሥሩ ደቂቃ ሳያልቅ ጎላው አለቀ። ኃላፊዋ ጎንበስ ብላ ውስጡን አየች። ከቅርጫቱ የቀረች ቁራሽ ዳቦ አንስታ የጎላውን ሥር ጠርጋ በላች። በኪሷ ያለውን የዕቃ ግምጃ ቤት ቁልፍ አውጥታም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

"ነገ ምን ይሠራሉ?" አለች።

እናቴ ቁልፉን ጨብጣ "ያለውን ልየውና" አለች፣ ከዚያም እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ወደ መደርደሪያው ዞረች። በቤታችን መደርደሪያ ፊት ስትቆም የማውቃት ያችው ሴት ናት፤ መደርደሪያው ብቻ ነው የሰፋው።

በማግስቱ ሩዝ በአትክልት ሠራች። ሩዙ አንዱ ካንዱ ሳይጣበቅ፣ ካሮቱ ቀለሙን ሳይለቅ። አዳራሹ ሙሉ ነው። እኔም ተሰልፌ ወሰድኩ፣ በላሁ፣ ሳህኔን ይዤ ተነሳሁ። መስኮቱ ጋ ስደርስ ምላሴ የለመደውን አለ።

"ጠገብኩ፣ እጅሽ ይባረክ።"

እናቴ ጭልፋዋን አነሳችና ክዳኑን ኳ ኳ አደረገችው። ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

"ክዳኑን አላየሽም?" አለችኝ።

አየሁት። እጀታው ወደ ላይ ነው።

"አይቼዋለሁ።"

"ታዲያ እውነቱን ተናገሪ።"

ከኋላዬ የሚሻማ ወንድም የለም፣ በር ላይ የቆመ እንግዳም የለም። እናቴ ጭልፋውን ሞልታ ይዛ ትጠብቀኛለች። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ሳህኔን ዘረጋሁ።

"ጨምሪልኝ" አልኳት።

ጨመረችልኝ። "ሌላስ?" አለች።

"ሌላም" አልኳት።